ዲኤክስ 4ኬ ሞተር ላይ 1.6 ሮከር ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ? (ደሴ)

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። መኪናዬ ዲኤክስ ናት (የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ)፣ ሞተሯ 4ኬ፣ ያው 1,290 ሲሲ። ከአጎቴ ነው የገዛኋት። ዋጋውን አልናገርም፣ ሚስቴ እዚህ ታነባለች።

ባለፈው ዓመት ሐረጎ ዳገት ላይ ውሃ ጨርሳ ጋለችብኝ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ፣ ቫልቮቹ ያሉበት) ተጣሞ ስለነበር ቶርኖ ቤት ተላጨ። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ተቀየረ፣ ቫልቮቹም ተሞረዱ። ሞተሯ ግን ያው ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምንፏቀቀው። ጭነት የሞላ ኢሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኛል። ያማል።

ታዲያ አንድ ወዳጄ ከዱባይ የመጣ ሙሉ የሮከር (ቫልቭ የሚከፍተው ማንሻ) ስብስብ አሳየኝ። ስምንት ፍሬ፣ ከነዘንጉ። «ሬሾው 1.6 ነው፣ ሌላ ምንም ሳትነካ ፈረስ ይጨምርልሃል» አለኝ። ገዛሁት። አሁን በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ነው። ልግጠመው?

ፉል_ጋዝ_ሆጤ · ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ግጠም እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ሮከር አልጋ ሥር አይበቅልም።

ቶርኖ_ኮምቦልቻ · ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ሳትገጥም በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው የሚመጣልኝ ከገጠመ በኋላ ነው፣ ያውም በገመድ እየተጎተተ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። 1.6 ከስንት ተነስቶ? ሮከር መሃሉ ላይ የተያዘ ማንሻ ነው። በአንዱ ጫፍ ፑሽሮዱ (ረጅሙ ዘንግ) ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በሌላው ጫፍ እሱ ቫልቩን ወደ ታች ይጫነዋል። የቫልቩ በኩል ያለው ክንድ ከፑሽሮዱ በኩል ካለው ይረዝማል። ስንት እጥፍ ይረዝማል? ሬሾ የሚባለው ይኸው ነው። ካምህ (ፑሽሮዱን ከሥር የሚያነሳው ባለ ጉብታ ዘንግ) 6 ሚሊ የሚያነሳ ቢሆን፣ በ1.5 ሮከር ቫልቩ 9 ሚሊ ይከፈታል። በ1.6 ደግሞ 9.6። ስድስት አሥረኛ ሚሊ አገኘህ ማለት ነው። የነበረህ 1.55 ከሆነ ግን የምታገኘው ግማሹን ነው።

ሁለተኛ፣ ነፃ አይደለም። ቫልቩ ተከፍቶ ሳለ መልሶ የሚዘጋው ሞላ 80 ኪሎ ቢገፋ፣ ካሙና ታፔቱ (በካሙና በፑሽሮዱ መካከል ያለው) የሚሸከሙት በ1.5 ሮከር 120 ኪሎ ነው። በ1.6 128 ይሆናል። ሞላው ደግሞ ይበልጥ ስለሚጨመቅ ከዚያም ያልፋል። ቫልቩም በፍጥነት ይከፈታል፣ በፍጥነት መቀመጫው ላይ ይወድቃል። ያረጀ ሞላ ይህን አይችልም፤ ሞተሩ ሲጮህ ቫልቩ ከሮከሩ ጋር መሄድ ትቶ መንሳፈፍ ይጀምራል።

የድሮዎቹን ለካህ ወይ?

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · ሰኞ፣ ማታ 3፡12

አልለካሁም ጋሼ። በምን ነው የሚለካው?

ሸዋበር_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ሰላም ለአገር ቤት። ሸዋ በር ነው ያደግኩት፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። ጋራዤ ውስጥ አንድ የድሮ ሸቭሮሌ አለኝ፣ 350 ቪ8። እዚህ የሮከር ሬሾ የሰፈር ወሬ ነው። ትንሹ የሸቭሮሌ ቪ8 ሲወለድ ጀምሮ 1.5 ነው። የፎርዱ 302 1.6 ነው። የሸቭሮሌ ትልቁ 1.7፣ በኋላ የመጡት የሸቭሮሌ ኤልኤስ ሞተሮችም 1.7፣ ኤልኤስ7 ደግሞ 1.8። ስለዚህ «1.6 ጥሩ ነው» ብሎ ነገር የለም። ቁጥሩ የሚሠራው ከካሙ ጋር ነው። ትልቅ ሬሾ ያለው ፋብሪካ ካሙን ለዚያ ብሎ ነው የቀረጸው።

የኔን ልንገርህ። ቅዳሜ ከ1.5 ወደ 1.6 ቀየርኩ። የካሜ ጉብታ 7.62 ሚሊ ነው የሚያነሳው። ቫልቩ ከ11.43 ወደ 12.19 ሄደ። እሑድ ነዳሁት፣ ደስ አለኝ። ሰኞ ቲክ ቲክ ቲክ። ከፈትኩት። ለካ ሬሾው ሲጨምር የፑሽሮዱ ማረፊያ ወደ ሮከሩ መሃል ይጠጋል። ፑሽሮዱ ያዘነብላል። በድሮው ቴስታታ ላይ ፑሽሮዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ብረት ከብረት ይፋቅ ነበር። ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አየሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጥቅሙስ? ከ4,000 ዙር በላይ ይሰማል። ከዚያ በታች፣ እውነቱን ልናገር፣ ምንም። አንተ ሐረጎን የምትወጣው በስንት ዙር ነው?

ፉል_ጋዝ_ሆጤ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡44

እንግዲህ ቨርጂኒያ ያለ ሰው ስለ ሐረጎ ሊያስተምረን ነው 😄

ሸዋበር_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

አንተ ሳትወለድ ሐረጎን በእግሬ ወርጄዋለሁ።

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

ሰላም ናችሁ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። የሮከሩን ነገር ከማየታችሁ በፊት አየሩን እዩት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ አራት አምስተኛ። 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ይህን ያህል ልዩነት አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ሮከር አየር አይፈጥርም።

ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን በቅጡ አያውቅም። በወፍራም አየር ላይ የተመጠነ ጅግለር (ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ) ከሆነ ያለህ፣ ደሴ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላህን አውጥተህ እይ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ የጠፋው ጉልበትህ በከፊል እዚያ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ጅግለር፣ ከዚያ ደግሞ ዲስትሪቡተሩን (እሳት የሚያከፋፍለውን) ትንሽ ማስቀደም፤ ከሮከሩ በላይ ይሰማሃል። ጅግለሩን አሳንሰህ ባቲን አልፈህ ሚሌ ድረስ ከወረድክ ግን መልሰው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል።

ቶርኖ_ኮምቦልቻ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡10

እህቴ ልክ ብላለች። እኔ የምጨምረው የቴስታታውን ነገር ነው። ተላጭቷል ብለሃል። ሲላጭ የሮከሩ ዘንግ ወደ ካሙ ይወርዳል፣ ፑሽሮዱ የረዘመ ያህል ይሆናል። ያኔ ሮከሩ የቫልቩን ጫፍ መሃሉን ትቶ ዳሩን ይጫናል። ጋይዱን (የቫልቩን ማለፊያ) ይበላዋል። እሱን ሳታይ ሮከር አትቀይር።

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡26

ጋሼ ይቅርታ፣ እዚህች ላይ አልስማማም። በ4ኬ የሮከሩ ዘንግ የተቀመጠው ቴስታታው ላይ ነው። ቫልቩም ቴስታታው ላይ ነው። ከሥር ሲላጭ ሁለቱ እኩል ይወርዳሉ፣ በመካከላቸው የሚቀየር ነገር የለም። የሚቀየረው የፑሽሮዱ በኩል ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ማስተካከያው ብሎን ይውጠዋል። የቫልቩን ጫፍ ከፍ የሚያደርገው የቫልቭ መቀመጫው ሲሞረድ ነው። ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጭራው ወደ ላይ ይወጣል። እሱ ነው መጫኛውን ወደ ዳር የሚወስደው።

ቶርኖ_ኮምቦልቻ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡55

…አሁን ቴስታታ ይዤ ቆሜ እያየሁት ነው። እውነትሽን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳወራው የነበረ ነገር! ማሻአላህ፣ ተማሪ!

ስለዚህ ለባለ ዲኤክሱ፦ መሞረዱንም ነግረኸናል። የቫልቮቹን ጫፍ በማርከር አጥቁራቸው። ሮከሩን አስረህ ሞተሩን በእጅ ጥቂት ዙር አዙር። ፈትተህ እይ። ማርከሩ የተፋቀበት መስመር ቀጭንና ወደ መሃል ከሆነ ሰላም ነው። ሰፊ ከሆነ ወይም ጠርዝ ላይ ከወጣ፣ ሬሾውን ተወውና መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

ጋሽ_ኤንትሬ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

ልጆች እንዴት አመሻችሁ። እኔ ኤንትሬ ላይ ነው ያረጀሁት፣ የፊያት ከባድ መኪና፣ በአሰብ መንገድ። በናፍጣ ሞተር ላይ ስለ ሬሾ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከቫልቩ ጋር ሊሳሳሙ የቀራቸው ሚሊ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የቤንዚኑ ሰፋ ይላል፣ ለዚህ ነው የምትጫወቱበት።

አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዳገት ላይ ስትረግጣት ታስላለች? ካሰለች በየት በኩል ነው? በማርሚታው ነው ወይስ በካርቡራተሩ?

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡52

ጋሽዬ፣ እንዴት አወቁ? በካርቡራተሩ ነው። «ፑፍ፣ ፑፍ» ትላለች። መካኒኩ ካርቡራተር ቆሽሿል ብሎ ሁለቴ አጠበልኝ።

ጋሽ_ኤንትሬ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡03

አትጠበው። ዳያል ጌጅ (ባለ ሰዓት መለኪያ) ፈልግና የስምንቱንም ፑሽሮድ አነሳስ ለካ። ስምንቱንም ነው ያልኩህ። አንዱ የጭስ ማውጫ ቫልቭ በደንብ ካልተከፈተ የተቃጠለው ጭስ መውጫ ያጣል። የመግቢያው ቫልቭ ሲከፈትለት በዚያ በኩል ወደ ካርቡራተር ይተነፍሳል።

ሸዋበር_ቨርጂኒያ · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡10

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚህም አንደኛው ምልክት እሱ ነው። አለካኩን ልንገርህ። መጀመሪያ በሮከሩና በቫልቩ መካከል ያለውን ክፍተት በማስተካከያው ብሎን ዜሮ አድርገው፤ ሮከሩ ቫልቩን ሳይጫን ይንካው ብቻ። ጌጁን ፑሽሮዱ በሚገፋው ጫፍ ላይ አቁመህ ሞተሩን በእጅ አዙር፣ ከፍተኛውን ጻፍ። ከዚያ ጌጁን ወደ ቫልቩ አዙር፣ በቫልቩ ዘንግ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከፍተኛውን ጻፍ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍል እውነተኛ ሬሾህ ይወጣል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አይደለም። እዚህ 1.5 ተብለው ተሽጠው 1.45 የሚወጡ ሞልተዋል።

ፉል_ጋዝ_ሆጤ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እሺ ይለካ። ግን ከተለካ በኋላ ለመግቢያው ብቻ 1.6፣ ለማውጫው የድሮውን መግጠም አይቻልም? እንደሱ የሚያደርጉ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሸዋበር_ቨርጂኒያ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

ይቻላል፣ እዚህም ይሠራል። የማውጫው ቀዳዳ ደካማ በሆነ ቴስታታ ላይ ተገላቢጦሹን የሚያደርጉም አሉ፣ ትልቁን ለማውጫው። አየህ፣ ሬሾ መቀየር ካም ሳታወጣ መልኩን የምትሞክርበት መንገድ ነው። ከፍታው ይጨምራል፣ የተከፈተበት ጊዜ ግን ብዙም አይረዝምም። ለዚህም ነው ከታች ያለውን ጉልበት ትልቅ ካም በሚገድለው ልክ የማይገድለው። ይህን ምስጋና አልነፍገውም።

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30

ለካሁ። ጌጁን ከቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ከሆነ ጎረቤቴ ተዋስኩ። ዝናብ ስለነበረ ሸራ ወጥረን ግቢ ውስጥ ሠራን።

የድሮው ሮከር፦ ፑሽሮዱ 6.0 ሚሊ ይነሳል፣ ቫልቩ 8.9 ይከፈታል። ሬሾ 1.48። የዱባዩ፦ በዚያው 6.0 ላይ ቫልቩ 9.2። ይኸውም 1.53 ነው። 1.6 የሚባል ነገር የለም! ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ጎረቤቴም ደገመው። አሥረኛ ሚሊ ሦስት ልገዛ ነበር ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት።

ግን ወሬው እሱ አይደለም። ሰባቱ ፑሽሮድ ከ5.9 እስከ 6.0 ያነሳሉ። የሦስተኛው ሲሊንደር ማውጫ 4.1። መጀመሪያ ጌጁ የተንሸራተተ መስሎኝ ነበር። በጣቴ ሳይ እንኳ ይታወቃል፣ ሌሎቹ ሲዘሉ እሱ እንደ መንቀጥቀጥ ነው የሚያደርገው። ጋሽ ኤንትሬ፣ እጅዎን ልሳም።

ፉል_ጋዝ_ሆጤ · ቅዳሜ፣ ማታ 12፡41

ለሦስተኛው ብቻ ትልቅ ሬሾ ግጠምለታ 😂

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት · ቅዳሜ፣ ማታ 12፡58

አሰላሁልህ። 8.9 ለማግኘት 2.17 ሬሾ ያስፈልገዋል። እንደሱ ያለ ሮከር ካገኘህ ለመመረቂያ ጽሑፌ እፈልገዋለሁ።

ጋሽ_ኤንትሬ · ቅዳሜ፣ ማታ 1፡20

ካሙ ተበልቷል ልጄ። የታፔቱ መቀመጫም አብሮ ጎድጉዷል፣ ስታወጣው ታየዋለህ። በዚህ ላይ ትልቅ ሬሾ ብትገጥም ኖሮ በወር ውስጥ ክብ ዘንግ ይሆንልህ ነበር። ካሙን ቀይር። አዲስ ካም ከገዛህ ታፔቶቹን ስምንቱንም አዲስ አድርግ። የድሮ ታፔት ለአዲስ ካም አይሆንም፣ እርስ በርስ ይበላላሉ።

ቶርኖ_ኮምቦልቻ · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡05

ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር የፒስተኑንና የቫልቩን ርቀትም ለካ፣ ሮከሩን ባትቀይርም። ቴስታታው ተላጭቷልና። ፕላስቲሲን፣ ያ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ፒስተኑ አናት ላይ ለጥፍ። እንዳይጣበቅብህ ቫልቩን ዘይት ቀባ። ቴስታታውን ከአሮጌ ጋርኒሲዮን (ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ) ጋር እሰረው፣ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፣ ፍታው፣ በምላጭ ቁረጥና የሳሳውን ቦታ ለካ። ለመግቢያው 2 ሚሊ፣ ለማውጫው 2.5 ይኑርህ። ማውጫው ይግላል፣ ይረዝማል፣ ፒስተኑም ከኋላው ያሳድደዋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፒስተንና ቫልቭ የሚቀራረቡት ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት ይመስለዋል። አይደለም። ፒስተኑ አናት ላይ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው ወይም 10 ዲግሪ ያህል አልፎ ሲወርድ ነው፣ ሁለቱም ቫልቮች ትንሽ ትንሽ በተከፈቱበት። እዚያ ላይ ቫልቩ የተከፈተው 2 ወይም 3 ሚሊ ቢሆን፣ ትልቁ ሬሾ የሚወስድብህ ከአሥረኛ ሚሊ ሁለት አይበልጥም። ከቴስታታው የተላጨው ግን በሙሉ ከዚያው ነው የሚቀነሰው። ሰው ሮከሩን ሲፈራ ልጩን ይረሳል።

ሞላውንም እይ። ቫልቩ ጫፍ ደርሶ ሲከፈት በጥቅሎቹ መካከል በድምሩ 1.5 ሚሊ ያህል ይቅር። ሙሉ ከተዘጋ ፑሽሮድህ ይጣመማል።

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 9፡15

ይቅርታ ጠፋሁ። ካሙንና ታፔቶቹን ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ። ሞተሩ ወረደ። የሦስተኛው ታፔት ሥሩ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ጎድጉዶ ነበር፣ ጋሽ ኤንትሬ እንዳሉት። ጉብታው ደግሞ አንድ ጎኑ ጠፍቷል። ሚስቴ አይታው «ይኼ ነው ያን ሁሉ ብር የበላው?» አለች። እሱ ነው።

ፕላስቲሲኑ መግቢያው ላይ 2.6፣ ማውጫው ላይ 3.1 ወጣ። የማርከሩ መስመር መሃል ነው። የድሮዎቹን ሮከሮች መለስኩ። ክፍተቱን ሲሞቅ መግቢያ 0.20፣ ማውጫ 0.30 አደረግን።

ሲነሳ ሥራ ፈት እንዲዞር አትፍቀድለት ተብዬ ነበር። ካሙንና ታፔቱን የመገጣጠሚያ ቅባት ቀብተን፣ ዚንክ ያለበት ዘይት ጨምረን፣ ወዲያው ከ2,000 ዙር በላይ 20 ደቂቃ አስጮህናት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ወይ ሂድ ወይ አጥፋው» አሉኝ።

ካንዴላዎቹ እንደተባለው ጥቁር ነበሩ። ጅግለሩን አንድ ቁጥር አሳነስኩ። ትናንት ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩ። ቦርከናን ተሻግሬ፣ ዳገቱን ጀምሬ፣ ከግማሽ በላይ በሦስተኛ ማርሽ። የመጨረሻዎቹ ጥምዝምዞች ላይ ብቻ ወደ ሁለተኛ ወረድኩ። ፑፍ የለም። አንድ ኢሱዙ አለፍኩ። ባዶውን ነበር፣ ግን አለፍኩት።

ፉል_ጋዝ_ሆጤ · እሑድ፣ ቀን 9፡22

ባዶ ኢሱዙ ማለፍማ ከባድ ነው። አከብርሃለሁ። ታዲያ የዱባዮቹን አሁን ትገጥማቸዋለህ?

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · እሑድ፣ ቀን 9፡40

አዲሱ ካም 5,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አልነካውም። ከዚያም በኋላ ለ0.3 ሚሊ ብዬ ይመስልሃል? እንጃ። አልጋ ሥር ናቸው።

ሐይቅ_ዳር · እሑድ፣ ማታ 1፡05

ሰላም፣ ሐይቅ ነኝ። እኔም 4ኬ አለኝ፣ ሮከሮቼ ተበልተዋል። ያን 1.6 ትሸጠዋለህ?

ቧንቧውሃ_ዲኤክስ · እሑድ፣ ማታ 1፡11

እሸጣለሁ። ግን 1.53 ነው።

ሐይቅ_ዳር · እሑድ፣ ማታ 1፡14

ሙሉውን ክር አንብቤዋለሁ። ጌጅ ይዤ ነው የምመጣው።